በቅርብ የተነሣ የቁራ ፎቶግራፍ፦ ጥራቱ በምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ የቀሃ ዳር (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በፋሲለደስ መዋኛ፣ የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር ጠፍንጎ በያዘበት በኩል፣ አንድ ቁራ ተቀምጦ አገኘሁ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየገበያው ዳር የምናየው፣ ወፍራም መንቆር ያለውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት የተጣለበት ትልቁ ቁራ ነው። ቀስ እያልኩ ስጠጋው ሳይሸሽ ስለ ቆየልኝ፣ መጀመሪያ ከአምስት ሜትር ያህል ርቀት፣ ኋላም ከሦስት ሜትር ገደማ ላይ ሆኜ በጠቅላላው 14 ፎቶግራፎች አነሣሁት። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ፀሐዩም ከበስተኋላዬ ነበር። ሌንሴ 300 ሚሊ ሜትር፣ መክፈቻው 5.6 (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)፣ የሻተሩ ፍጥነት 1/250 ሰከንድ፣ አይኤስኦው (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ንቃት) ደግሞ 800 ነበር። ትሪፖድ አልያዝኩም፤ ፍላሽም አልተጠቀምኩም።

ከአሥራ አራቱ መካከል በጣም ቀርቤ ያነሣሁትን አንዱን መርጬ፣ ማጅራቱንና ደረቱን ቆርጬ በማስወጣት ከዓይኑ እስከ መንቆሩ ጫፍ ያለው ብቻ ክፈፉን እንዲሞላ አድርጌዋለሁ። ከ6000 በ4000 ፒክስል ውስጥ የቀረኝ 3000 በ2000 ነው። ሐሳቤ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር አሳትሜ ቤተሰቦቼ ሳሎን ውስጥ ልሰቅለው ነበር።

ይሁን እንጂ በፎቶግራፉ ላይ ሰው አልተስማማልኝም። የሥራ ባልደረቦቼ የመንቆሩ ጭረት አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ መታየቱን አይተው ከዚህ በፊት ካነሣኋቸው ሁሉ የላቀ ነው አሉኝ። ለማሳተም የሄድኩበት ፎቶ ቤት ባለቤት ግን ለጥቂት ጊዜ ተመልክተው «ዓይኑ ሞቷል፤ ይህን በዚህ መጠን ባላትምልህ ይሻላል» አሉኝ። ገንዘብ የሚያገኙበትን ሥራ ለእኔ ሲሉ ስለ መለሱት ቃላቸውን አቅልዬ ማየት አልቻልኩም። ዓይኑ በመጠኑ ብዥ ማለቱን አሁን እኔም አያለሁ፤ ነገር ግን መንቆሩ ይህን ያህል ጥርት ብሎ ሳለ ለዓይኑ ሲባል ፎቶግራፉ መውደቅ አለበት? በቅርብ የተነሣ የወፍ ፎቶግራፍ ሲመዘን ቀድሞ የሚታየው ምንድን ነው? የተመረጠውን ፎቶግራፍ፣ ከመቆረጡ በፊት የነበረውንም ጨምሬ፣ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

መልስ፦ የፎቶ ቤት ሰው (ፒያሳ፣ ጎንደር)

ያማከሯቸው የሙያ ባልደረባዬ እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ለብዙ ዓመታት የሰው ፊት ሳነሣ ኖሬ ወደ ወፍ የመጣሁ በመሆኔ፣ አመዛዘኔ በአብዛኛው ከዚያ የተወሰደ መሆኑን አስቀድሜ ልግለጽ።

ብዙ ሰው ፎቶግራፍ ሲመዝን ከመጀመሪያው አጉልቶ ከፍቶ ላባ መቁጠር ይጀምራል። እኔ በተቃራኒው በስክሪኑ ላይ የክብሪት ቀፎ እስኪያህል አሳንሼ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ፣ ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ። በእርስዎ ፎቶግራፍ ላይ ዓይኔ በቀጥታ የሄደው መንቆሩ ጫፍ ላይ ወዳለችው ነጭ ነጥብ ነው፤ እዚያው ቀረ እንጂ ወደ ወፉ ፊት አልተመለሰም። ሙሉ መጠኑን፣ ማለትም አንዱ ፒክስል በስክሪኑ አንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍበትን እይታ፣ የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ብዥታ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ከየት እንደ መጣ ሳይለዩ መፍረድ አይገባም። እጅ ሲንቀጠቀጥ በክፈፉ ውስጥ ያለው ነጥብ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተስቦ አጭር መስመር ይሆናል። ወፉ ራሱን ሲያዞር ድንጋዩ ጥርት ብሎ ይቀርና ወፉ ብቻ ይሳባል። ፎከሱ ሲስት ደግሞ አንዱ ቦታ ደብዝዞ፣ ከእርሱ ፊት ወይም ኋላ ያለው ሌላ ቦታ ጥርት ብሎ ይገኛል። የእርስዎ ሦስተኛው ነው፤ መንቆሩ የጠራውና ዓይኑ የደበዘዘው ወፉ ራሱን በከፊል ወደ እርስዎ መልሶ ሳለ ካሜራው ቀድሞ የደረሰበትን የመንቆሩን ጫፍ ስለ ያዘ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳዎ፤ ጥፋቱ ከእጅዎ ይልቅ ከርቀቱ መሆኑን ማወቅ ይጠቅምዎታልና። የእርስዎን በመሰለ፣ ሴንሰሩ (ምስሉ የሚያርፍበት ክፍል) ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚያንስ ካሜራ፣ በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስና በ5.6 መክፈቻ፣ ከ3 ሜትር ላይ ሲያነሡ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የዚህ ቁራ መንቆር ብቻውን ከዚህ በብዙ ይረዝማል። ስለዚህ ወፉ ፊቱን ወደ እርስዎ ባዞረ ጊዜ መንቆሩና ዓይኑ አብረው ሊጠሩ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። መክፈቻውን ወደ 11 ቢያጠቡት ጥልቀቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርድብዎታል። ወደ 5 ሜትር ቢያፈገፍጉ ግን በዚያው በ5.6 መክፈቻ ጥልቀቱ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሁለት ሜትር መራቅ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጥልቀት ይሰጣል ማለት ነው፤ ብዙዎቻችን መቅረብን እንደ ጥራት ስለምንቆጥረው ይህን እንዘነጋለን።

ስለ ዓይኑ ደግሞ ይህን ልጨምር። የዚህ ቁራ ዓይን ጠቆር ያለ ቡናማ ሲሆን ያረፈው በጥቁር ላባ መካከል ነው። የሰማዩ ወይም የፀሐዩ ነጸብራቅ እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት እንኳ ካላረፈበት በስተቀር ዓይን መሆኑ አይታወቅም። በእርስዎ ፎቶግራፍ ላይ ነጸብራቁ አለ፤ ነገር ግን ከፎከስ ውጭ በመሆኑ ተበትኖ ግራጫ ጉም መስሏል። ባልደረባዬ «ሞቷል» ያሉት ይህንን ይመስለኛል።

የጎንደር ሠዓሊዎች ይህን ነገር ያውቁት ነበር። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሣሉትን መላእክት ልብ ብለው አይተዋቸው ከሆነ፣ ፊታቸው ሁሉ ወደ ተመልካቹ የዞረ፣ ዓይናቸው የጎላ ነው። በጥንቱ ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉው ነው። ወፍን በጎን ስናነሣ የምናገኘው አንድ ዓይን ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት ዓይን ይታይ የነበረውን ሕይወት ያ አንዱ ብቻውን መሸከም አለበት። እርሱ ከጠፋ የላባው መቆጠር አያድነውም። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ እንደ መንቆር ጥናት ጥሩ ነው፤ እንደ ወፍ ምስል ግን ለሳሎን አልመርጠውም።

መልስ፦ ማራኪ ሰፈር

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን ዓይን ሁልጊዜ መቅደም አለበት በሚለው አልስማማም። ይህ ወፍ ከሌሎች ቁራዎች የሚለየው በመንቆሩ ነው፤ መንቆሩን ዋና አድርጎ ማንሣትም መብት ነው። የፎቶግራፉ ችግር ዓይኑ መደብዘዙ ሳይሆን ደብዝዞም በክፈፉ መካከል መቀመጡ ይመስለኛል። ጠያቂው ከመንቆሩ ሥር ጀምረው ዓይኑን ጨርሰው ቢቆርጡት ኖሮ ማንም ስለ ዓይን አያነሣም ነበር። አንድ ነገር አሳይቶ እንዳላዩት መጠየቅ ግን ተመልካቹን ያስቸግራል።

መልስ፦ የደባርቅ መንገደኛ (ደባርቅ)

እኔ ፎቶግራፍ አንሺ አይደለሁም፤ በሰሜን ተራሮች ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን እየመራሁ የምኖር አስጎብኚ ነኝ። ነገር ግን በዓመት ውስጥ በብዙ ካሜራዎች ስክሪን ላይ ብዙ ወፍ ስለማይ፣ ሁለቱ መላሾች ያላነሡትን ላንሣ።

አንደኛው የተቆረጠው ማጅራት ነው። ይህ ቁራ በአፍሪካ ቀንድ እንጂ በሌላው ዓለም የማይገኝ፣ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ ከቁራ ዘር ሁሉ ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ነው። በሩቅ ሆኖ እንኳ የሚያስለየው ያ ነጭ ምልክት ነው። እንግዶቼ ካሜራቸውን ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምፈልገው ወፉ የትኛው ወፍ እንደሆነ የሚናገረውን ነገር ነው። ጠያቂው ማጅራቱን ቆርጠው በማስወጣት መታወቂያውን አውጥተውበታል።

ያንን ነጭ በፎቶግራፍ በደንብ መያዝ ቀላል አለመሆኑን አልክድም። ክፈፉን ጥቁር ላባ ሲሞላው ካሜራው ቦታው የጨለመ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ያኔ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ነጩ ደግሞ ይቃጠላል። የጨለመ ጥቁር ኋላ በኮምፒውተር ሊነሣ ይችላል፤ የተቃጠለ ነጭ ውስጥ ግን የሚነሣ ነገር አይቀርም። እንግዶቼ እንዲህ ባለ ጊዜ ካሜራቸው ከመረጠው ብርሃን ቀነስ አድርገው ያነሣሉ፤ ከዚያም ነጩ መቃጠል አለመቃጠሉን ወዲያው በሂስቶግራሙ፣ ማለትም በካሜራው ስክሪን ላይ የጨለማና የብርሃኑን መጠን በሚያሳየው ሥዕል፣ ያረጋግጣሉ። የእኛ ሀገር ፀሐይ ደግሞ ፈጥኖ ይወጣል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ ጥቁር ወፍ ጀርባው ያንጸባርቃል፣ ከሆዱ በታች ያለው ጥላ ይሆናል። የክረምት ደመና ለዚህ ወፍ ከበጋ ፀሐይ ይሻላል፤ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ በጥቁሩ ውስጥ ያለው ላባ ይለያል።

ሁለተኛውን ከጥራት ጋር አያይዘው የሚያዩት ጥቂቶች ቢሆኑም ለእኔ ዋናው ነው። በፎቶግራፉ ላይ ወፉ ምን እያደረገ ነበር? የተረጋጋ ወፍ ላባው ልቅ ነው፤ አንገቱ ወደ ትከሻው ሰብሰብ ያለ ነው። ሊበር የተዘጋጀ ወፍ ላባውን ወደ ገላው ያጣብቃል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ እግሩን አጥፎ ይጠብቃል። እርስዎ የመረጡት ላይ የአንገቱ ላባ ተጣብቋል፤ ወፉም በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለከታል። ባልደረቦችዎ ግርማ ብለው ያዩት ይሆናል፤ እኔ የማየው በጣም የቀረቡበትን ወፍ ነው። በእኛ በኩል በካምፕ ቦታዎቹ ቁራው ምግብ ፍለጋ ራሱ ስለሚቀርብ ዳቦ እየወረወሩ የሚያነሡ አሉ፤ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ወፍ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ አፉን ከፍቶ እጅ ያያል። ወደ ጎጆ መጠጋት ደግሞ ለማንኛውም ፎቶግራፍ ቢሆን አይገባም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አጥንት ከከፍታ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ጢማሙ አሞራ ደረቱ የዛገ ብረት ይመስላል፤ ቀለሙን የሚያገኘው ብረት ካለበት አፈር ነው። አንድ እንግዳ በኮምፒውተር «አስተካክዬዋለሁ» ብሎ ደረቱን ነጭ አድርጎ ልኮልኝ አዘንኩ። ፎቶግራፉ ጥርት ያለ ነበር፤ አሞራው ግን እኛ ገደል ላይ የምናየው አልነበረም።

መልስ፦ የአዘዞ መምህር (አዘዞ)

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ለክፍል ማስተማሪያ የወፍ ፎቶግራፎችንም እሰበስባለሁ። ጠያቂው ሌሎቹን 13 ፎቶግራፎች ሳይጥሉ እንደገና እንዲያዩ እመክራለሁ። ይህን የምለው ወፍ ከሰው የሚለይበት አንድ ነገር ስላለው ነው። ከሁለቱ የዓይን ቆቦች በተጨማሪ ከመንቆሩ በኩል ተነሥቶ ዓይኑን ጠርጎ የሚመለስ ስስ ሦስተኛ ሽፋን አለው፤ የሚንቀሳቀሰው እጅግ በፍጥነት በመሆኑ በዓይናችን ብዙም አናስተውለውም፤ ካሜራ ግን ይይዘዋል። በዚያች ቅጽበት የተነሣ ዓይን ነጣ ያለ ወይም ሰማያዊ መሰል ጉም የለበሰ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው ወፉ የታመመ ወይም ፎከሱ የሳተ ይመስለዋል። መለያው ቀላል ነው፦ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ላባ ጥርት ብሎ ዓይኑ ብቻ ከደበዘዘ ሽፋኑ ነው፤ ላባውም አብሮ ከደበዘዘ የፎቶ ቤቱ ባለሙያ እንዳሉት ፎከሱ ነው። በዚህ ፎቶግራፍ ላይ ላባውም ስለ ደበዘዘ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ።

የማልስማማው እንዲህ ያለ ዓይን ሲያዩ ነጸብራቁን በኮምፒውተር አጉሉት ብለው ከሚመክሩ ሰዎች ጋር ነው፤ ይህንኑ ምክር እኔም ደርሶኝ ያውቃል። በዓይን ውስጥ የሚታየው ነጸብራቅ የዚያ ጠዋት ሰማይ ነው፤ ከየት አቅጣጫ ብርሃን እንደ መጣ የሚመሰክር ስለሆነ፣ በእጅ የተተከለ ነጥብ በላባው ላይ ካለው ጥላ ጋር አይስማማም። ላባ ለማጥራት ተብሎ የሚደረገው ማሳመርም ሲበዛ ይታወቃል፤ በጠያቂው ፎቶግራፍ ላይ በመንቆሩ ጠርዝና በሰማዩ መካከል የፀጉር ክር የሚያህል ነጭ መስመር አያለሁ፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ሲታተም ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይጎላል። በተቃራኒው አይኤስኦው ከፍ ሲል የሚመጣውን ነቁጥ ለማጥፋት የሚደረገው ማለስለስ ሲበዛ ላባው እንደ ሰም ይቀልጣል። ከሁለቱ እኔ ትንሽ ነቁጥ ቢቀር እመርጣለሁ፤ ወረቀት ላይ እምብዛም አይታይም።

ከዚህ ጋር የማነሣው ሌላ ወፍ በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራው ቀጭን መንቆራም የአበባ ወፍ ነው፤ ተባዕቱ በደጋው አትክልት መካከል ሲታይ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ወይን ጠጅ የሚመስለው። ቀለሙ በአብዛኛው ከላባው አሠራር ብርሃን ሲመለስ የሚፈጠር በመሆኑ፣ ብርሃኑ ከአንሺው ኋላ ካልመጣ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ተማሪዎቼ ጥቁር ሆኖ የወጣውን ጥርት ያለ ፎቶግራፍ «ጥሩ» ይሉታል፤ እኔ ግን ስለ ወፉ ለማስተማር የምጠቀመው በመጠኑ ብዥ ባለው፣ ነገር ግን ቀለሙ በተያዘበት ነው። ጥርት ማለት ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ እንጂ ሁሉም አይደለም።

መልስ፦ የቀሃ ዳር (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አሥራ አራቱንም በተባልኩት መንገድ፣ መጀመሪያ አሳንሼ፣ ቀጥሎም በሙሉ መጠን አየኋቸው።

ስመለከት ሦስተኛዋ ፎቶግራፍ ላይ ቆምኩ። ከአምስት ሜትር ያነሣኋት ናት፤ ወፉ በጎኑ ቆሟል፣ የአንገቱ ላባ ልቅ ነው፣ ነጩ ማጅራትም ሙሉ በሙሉ አለ። በዓይኑ ውስጥ አንዲት የጠራች የብርሃን ነጥብ ትታያለች። መጀመሪያ ያለፍኳት «ሩቅ ናት» ብዬ ነበር። ከዚህች ጀምሮ እስከ አሥራ አራተኛዋ በተራ ሳያቸው፣ እኔ በቀረብኩ ቁጥር ላባው እየተጣበቀ፣ አንገቱ እየሰገገ ሲሄድ በግልጽ ይታያል። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ይህን አላስተዋልኩም ነበር፤ ወፉ የወደደኝ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳየው ያሳዝነኛል።

ሦስተኛዋን ሳልቆርጥ በሙሉ 6000 በ4000 ፒክስልዋ ባሳትማት በ60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላይ በአንድ ኢንች 254 ፒክስል ያህል ይደርሰኛል፤ የቆረጥኳት ግን ከዚህ ግማሹን፣ 127 ብቻ ነበር የምትሰጠኝ። ነገር ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በማጅራቱ ላይ ትንሽ ቦታ ተቃጥሏል፤ በሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀነባብር ባስቀመጠው ጥሬ ፋይል) ላይ ብርሃኑን ስቀንሰው አብዛኛው ላባ ተመልሷል፣ ጥቂቱ ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በሙሉ መጠን ሳያት ደግሞ ነጥቦቹ ሁሉ፣ ድንጋዩም ጭምር፣ በትንሹ ወደ ታች የተሳቡ ይመስላሉ፤ እጄ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት ይህችም ትወድቃለች ወይ?

መልስ፦ የፎቶ ቤት ሰው (ፒያሳ፣ ጎንደር)

እጅዎ ነው። ለ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያንስ 1/300፣ ሴንሰሩ ለሚያንስ ካሜራ ደግሞ ወደ 1/450 ሰከንድ ያስፈልግ ነበር፤ ራሱን ቶሎ ቶሎ ለሚያዞር ወፍ እኔ ከ1/1000 አልወርድም። ይሁን እንጂ በስክሪን ላይ በሙሉ መጠን የሚታይ መሳብ ሁሉ በወረቀት ላይ አይታይም። የማጅራቱ ጥቂት ነጭ አያሳስብዎ፤ በዙሪያው ላባ ካለ የተመልካቹ ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

በግምት ከመፍረድ ይልቅ እንዲህ እናድርግ። ከሦስተኛዋ ፎቶግራፍ ላይ ዓይኑና ማጅራቱ ያለበትን 1500 በ1000 ፒክስል ብቻ ቆርጠው 15 በ10 ሴንቲ ሜትር ያሳትሙት። ያ ቁራጭ በ60 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ከሚኖረው ጋር ትክክለኛ አንድ መጠን ነው፤ ወጪውም የአንድ ተራ ፎቶ ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ጥቁሩን ያጠልቀዋል፤ ነገር ግን ሳሎንዎ ከመስኮት ፊት ለፊት ከሆነ መስኮቱን እንጂ ቁራውን አያዩም፤ ስለዚህ በሁለቱም ዓይነት ወረቀት አንድ አንድ ያሳትሙ። ሁለቱን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ሁለት ሜትር ርቀው በቀን ብርሃን ይዩአቸው፤ ቀጥሎም እንግዳ ሊጠጋ የሚችለውን ያህል ይጠጉ። ዓይኑ በሁለቱም ርቀት ከያዘዎ ትልቁን ያሳትሙት። ካልያዘዎ ወፉ አሁንም እዚያው አጥር ላይ ይመጣል፤ አምስት ሜትሩ ላይ ይቁሙና ይጠብቁት።